በቀዳዳ የሚወለድ ብረት

በዛሬው ዘመን በከተማ የሚኖር ሰው ከማለዳ እስከ ማታ እጁ የማይለየው፥ ስለ አወላለዱ ግን ጠይቆ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የመስኮቱ ዙሪያ፥ የሱቁ መዝጊያ፥ የመሰላሉ ቋሚ፥ የአውቶቡሱ መደገፊያ፥ በጣራ ላይ የተዘረጋው የፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳ ጠርዝ ሆኖ የሚታየው፥ ረጅምና ቀጥ ያለ፥ ከጫፍ እስከ ጫፍ መልኩ የማይለወጥ የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ባለሙያዎች ፕሮፋይል ይሉታል። ይህ ዘንግ በመዶሻ አልተቀጠቀጠም፥ ቀልጦም በቅርጽ ውስጥ አልፈሰሰም፥ በመጋዝም አልተፈለፈለም፤ ጠጣርነቱን ሳይለቅ ግሎ፥ በታላቅ ኃይል ተገፍቶ፥ በአንዲት የቅርጽ ቀዳዳ ሾልኮ ወጣ እንጂ። አሠራሩ ኤክስትሩዥን ይባላል። የዚህን ሙያ ታሪክ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ የሚያስደንቀው ነገር፥ መሣሪያው ከብረቱ ዘጠና ዓመት ያህል ቀድሞ መታሰቡ ነው፤ ቀዳዳው ተሠርቶ፥ መጭመቂያው ተዘጋጅቶ፥ በዚያ በኩል ሊያልፍ የሚገባው ብረት ግን ገና በአፈር ውስጥ ተሰውሮ ነበረና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ ጀማሪ ጆሴፍ ብራማ በ1748 በእንግሊዝ አገር በዮርክሸር አውራጃ ከገበሬ ቤት ተወለደ። በጉርምስናው ወራት እግሩ ስለ ተጎዳ ከእርሻ ተለይቶ አናጢነት ተማረ፤ ኋላም ወደ ለንደን ሄዶ፥ በውሃ የሚታጠበውን ሽንት ቤት አሻሽሎ በመሥራቱና በ1784 ማንም ሌባ አይከፍተውም የተባለለትን ቁልፍ በማውጣቱ ስሙ ተሰማ። ቁልፉ በሱቁ መስኮት ለአላፊ አግዳሚው እየታየ፥ ያለ መክፈቻ የሚከፍተው ሰው 200 ጊኒ እንደሚሸለም ተጽፎበት ብዙ ዓመት ተቀመጠ፤ ብራማ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ጊዜ፥ ሆብስ የተባለ አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ከሁለት ሳምንት በላይ እየተመላለሰ 51 ሰዓት ያህል ደክሞ ከፈተው። ይህ የቁልፍ ነገር ከአርእስታችን ወጣ ያለ ቢመስልም የሰውየውን ጠባይ ያስረዳል፤ በጥቃቅን ልክ የሚጨነቅ፥ ስለ ሥራውም እስከ ትምክሕት ድረስ የሚተማመን ሰው ነበር።

ይኸው ሰው በ1795 በውሃ ግፊት የሚሠራውን መጭመቂያ በስሙ አስመዘገበ። ፓስካል የተባለው የፈረንሳይ ፈላስፋ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ እንደ መረመረው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በአንድ ወገን ሲጫኑት ግፊቱን በሁሉም ወገን እኩል ያካፍላል፤ ስለዚህ በጠባብ ቧንቧ ላይ የተደረገ መጠነኛ የእጅ ኃይል በሰፊው ቧንቧ በኩል ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ሐሳቡ የታወቀ ሳለ እስከዚያ ዘመን በሥራ ላይ ያልዋለው ውሃው በገፊው ዙሪያ እየሾለከ ኃይሉን ስለሚያባክን ነበር፤ ይህንንም ችግር በቆዳ ቀለበት ያስወገደው በብራማ ቤት ይሠራ የነበረው ሄንሪ ሞድስሌ መሆኑ ይነገራል። ሞድስሌ ኋላ የእንግሊዝ መካኒኮች ሁሉ አባት እስኪባል ድረስ የደረሰ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1797 ብራማ ሌላ ሐሳብ አስመዘገበ፤ ለነገራችን መሠረት የሆነው እርሱ ነው። በዚያ ዘመን የውሃ ቧንቧ የሚሠራው እርሳስን በሰሌዳ ዘርግቶ፥ ጠቅልሎ፥ መጋጠሚያውን በመበየድ ስለ ነበረ፥ ቧንቧው ዘወትር በስፌቱ በኩል ይፈስስ ነበር። ብራማም እርሳሱ በሙቀት ከለሰለሰ በኋላ በገፊ ዘንግ ተገፍቶ፥ መካከሉ ላይ እንብርት በቆመበት ክብ ቀዳዳ በኩል ቢወጣ፥ ስፌት የሌለው ቧንቧ እንደሚሆን አሰበ። ነገር ግን ያሰበው ገፊ በእጅ ኃይል የሚሠራ ነበር፤ የራሱን የውሃ መጭመቂያ ከራሱ የቧንቧ ሐሳብ ጋር ማጋባት እንደሚቻል ያ ሁሉ ብልሃት ያለው ሰው አላየውም፥ ወይም አይቶት እንደ ሆነ አልፈጸመውም። ሁለቱን ያጋባቸው ብራማ ካረፈ ከስድስት ዓመት በኋላ በ1820 በሽሩዝበሪ ከተማ ይኖር የነበረው ቶማስ በር ነው። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ ከተሞች የውሃና የጋዝ ቧንቧ ከመጭመቂያ እየወጣ በየቤቱ ገባ፤ ቴሌግራፍና ኤሌክትሪክ በመጡ ጊዜም ያው መሣሪያ በመሬት ውስጥ ለሚቀበሩት ሽቦዎች የእርሳስ ልብስ ማልበሻ ሆነ።

እርሳስ ግን ገራም ብረት ነው፤ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፥ ከዚያም በታች በቀላሉ ይታዘዛል። ናስን በቀዳዳ ለማሳለፍ የሚያሻው ሙቀት የመጭመቂያውን አካል ራሱን የሚያለሰልስ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ብዙ ዘመን የማይሞከር መስሎ ነበር። በ1894 አሌክሳንደር ዲክ የጋለውን ናስ የሚይዘውን ቋት ሙቀቱን እንዲጠብቅና ግፊቱን እንዲችል አድርጎ በመሥራቱ መንገዱ ተከፈተ። ዛሬ አሉሚኒየም የሚወጣበት መጭመቂያ በቅርጹም በአሠራሩም የዲክ መጭመቂያ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ብረቱ እንመለስ። አሉሚኒየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከብረታ ብረት ሁሉ በብዛቱ የመጀመሪያው ሲሆን፥ ከኦክስጅን ጋር ያለው ትስስር እጅግ ጽኑ በመሆኑ፥ ከአፈሩ ለመለየት የቀደሙት ሊቃውንት ጥበብ አልበቃም። የዴንማርኩ ኧርስቴድ በ1825፥ የጀርመኑ ቮለር በ1827 ጥቂት ፍርፋሪ ለማውጣት ችለው ነበር፤ ከ1854 ጀምሮም ፈረንሳዊው ዴቪል በሶዲየም አማካይነት ለገበያ የሚበቃ አሉሚኒየም ሠራ፤ ዋጋው ግን የጌጥ ዕቃ ዋጋ ነበር። በ1884 በዋሽንግተን የቆመው የጆርጅ ዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ላይ የተተከለው የአሉሚኒየም ቁንጮ ክብደቱ 2.8 ኪሎ ያህል ብቻ ሳለ፥ ከመተከሉ በፊት በኒውዮርክ በቲፋኒ የጌጥ ሱቅ ለሕዝብ ታይቶ ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በየካቲት 1886 በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት በኦበርሊን ከተማ፥ ቻርልስ ማርቲን ሆል የተባለ የ22 ዓመት ወጣት በአባቱ ቤት ጓሮ ባለ የእንጨት ማስቀመጫ ውስጥ፥ አልሙና የሚባለውን የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪዮላይት በሚባል የቀለጠ ማዕድን አሟሟቶ በኤሌክትሪክ ኃይል በመለየት ጥቂት የአሉሚኒየም እንክብል አገኘ፤ በዚያው ዓመት በፈረንሳይ ፖል ኤሩ የተባለ ወጣት፥ ስለ ሆል ምንም ሳያውቅ፥ ይህንኑ አሠራር በስሙ አስመዘገበ። ሁለቱም የተወለዱት በ1863 ነው፤ ሁለቱም የሞቱት በ1914 ነው። ይህን መሳይ መገጣጠም ሲያይ ልብ ወለድ ጸሐፊ እንኳ እንዳይታማ ብሎ ይተወዋል፥ ታሪክ ግን አያፍርም።

አዲሱ አሠራር የሚበላው እንጀራ ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፥ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ፏፏቴ እየተከተለ ሄደ፤ በስዊዘርላንድ በራይን ፏፏቴ አጠገብ በኖይሃውዘን፥ በአሜሪካም በናያጋራ ተተከለ። ዋጋው በፍጥነት ወደቀ፤ ሆልና ሸሪኮቹ በ1888 ፋብሪካቸውን ሲከፍቱ አንዱን ፓውንድ አምስት ዶላር ያህል ይሸጡ የነበሩት፥ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከአንድ ዶላር በታች ማድረግ ቻሉ። ነገር ግን ርካሽ ሆኖ ብዙ ገዢ አላገኘም፤ ንጹሕ አሉሚኒየም ቀላልና የማይዝግ ቢሆንም ለስላሳ ነው፥ ድስት ሊሆን ይችላል እንጂ ሸክም አይችልም።

ይህን ደካማ ብረት ጽንዕ ያለበሰው የጀርመኑ አልፍሬድ ቪልም ነው። በ1906 በበርሊን አቅራቢያ በነበረ የምርምር ቤት ውስጥ፥ ለጥይት ቀለህ የሚሆን ጠንካራ አሉሚኒየም እየፈለገ፥ አራት በመቶ ያህል መዳብና ጥቂት ማግኒዚየም የተጨመረበትን ብረት አግሎ በድንገት አቀዘቀዘው፤ ጥንካሬውን ሲለካው ያሰበውን ያህል ሆኖ አላገኘውም። የሰንበት ዕረፍት በመካከል ገብቶ ሥራው ሲቋረጥ፥ ሰኞ ዕለት ያንኑ ብረት መልሶ ቢለካው፥ ማንም ሳይነካው ይበልጥ ጠንክሮ ተገኘ። ቪልም መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ለካ ይባላል። ብረቱ በተቀመጠበት የሚጠነክር መሆኑ ተረጋገጠ፤ ምክንያቱ ግን ለቪልም አልተገለጠለትም። በብረቱ ሥጋ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ደቃቃ የአቶም ክምችቶች እየተወለዱ አቶሞቹ እርስ በርሳቸው የሚንሸራተቱበትን መንገድ እንደሚዘጉ በግልጥ የታየው በ1938፥ ጊኒየ የተባለ ፈረንሳዊና ፕሬስተን የተባለ እንግሊዛዊ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በኤክስሬይ በመረመሩት ጊዜ ነው። ብረቱ በተመረተባት በጀርመኗ በዱረን ከተማ ስም ዱራሉሚን ተብሎ የዜፔሊን የአየር መርከቦች አጥንት ሆነ፤ ቪልም ራሱ ግን ኋላ ላይ ምርምሩን ትቶ ገበሬ ሆነ።

እንግዲህ ሦስቱ ነገሮች፥ ማለት መጭመቂያው፥ ርካሹ ብረትና የማጠንከሪያው ምሥጢር፥ በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተገናኙ። ከዚያ በኋላ የመጣው አውሮፕላን ነው፤ ያለ እርሱ ይህ ሙያ የድስትና የቧንቧ ሙያ ሆኖ ይቀር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ሥራውን ቀርበን እንመልከት። ቢሌት የሚባለው የአሉሚኒየም ጉማጅ፥ ለምሳሌ ውፍረቱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፥ በምድጃ እስከ 450 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይግላል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ስለ ሆነ ጉማጁ አይፈስም፤ ቀይም አይሆንም፤ እንደ ብረት ግለቱን በመልኩ ስለማያስታውቅ አዲስ ሠራተኛን በጣም የሚያታልል ነው። የጋለው ጉማጅ ወፍራም ግድግዳ ባለው ማኅደር ውስጥ ይገባና ከበስተኋላው አንድ ሺህ ወይም ሁለት ሺህ ቶን የሚገፋ ዘንግ ይመጣበታል። ጉማጁ መጀመሪያ ይጨመቃል፥ ማኅደሩን ይሞላል፥ ከዚያ የግፊቱ መለኪያ ቀስት ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል፤ ጥቂት ጸጥታ ከሆነ በኋላ ከወዲያ ማዶ፥ የማካሮኒ ሊጥ ከመጭመቂያው እንደሚወጣ፥ ብረቱ የቀዳዳውን መልክ ይዞ ብቅ ይላል። ለመስኮት የሚሆነው ብረት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ20 ሜትር በላይ ሊወጣ ይችላል። እንደ ወጣም በነፋስ ወይም በውሃ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ጠመም ስለሚል ሁለቱ ጫፎቹ ተይዘው ጥቂት በመሳብ ይቃናል፤ በልኩ ተቆርጦም ከ175 እስከ 185 ዲግሪ በሚሆን ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ይቀመጣል። የቪልም ብረት በሰንበት ዕረፍት ያገኘውን ጽንዕ ይህኛው በምድጃ ውስጥ ያገኘዋል።

ጉማጁም እስከ መጨረሻው አይገፋም። በዙሪያው ያለው የኦክሳይድ ቅርፊት ወደ ኋላ እየቀረ ስለሚሰበሰብ፥ የመጨረሻዋ ቁራጭ ተቆርጣ ትጣላለች፤ ይህችን ቁራጭ ለመቆጠብ የሚስገበገብ ፋብሪካ በገበያ ላይ የሚያወጣው ዕቃ በውስጡ የተሰወረ ስንጥቅ ይኖርበታል።

ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ሲሠራ ያለው ብልሃት ከሁሉ ይልቅ ይደንቀኛል። ብራማ ለእርሳሱ እንብርቱን ከኋላ አቁሞት ነበር፤ በዛሬው አሠራር ግን እንብርቱ በቀዳዳው ፊት በድልድዮች ተይዞ ይቆማል። ወደ ድልድዮቹ የደረሰው ብረት ሁለት ወይም አራት ፈሳሽ ሆኖ ይከፈላል፤ ድልድዮቹን ካለፈ በኋላ አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፈሳሾቹ እርስ በርሳቸው ተጫጭነው፥ ሳይቀልጡ እንደ ገና ይዋሐዳሉ፤ ከዚያም በእንብርቱና በቀዳዳው መካከል ባለው ክፍተት ቧንቧ ሆነው ይወጣሉ። አየር ጥቂት እንኳ ቢገባ ኦክሳይዱ መካከላቸው ስለሚቆም ውሕደት አይሆንም።

ቀዳዳው ያለበት የብረት ገበታ ዳይ ይባላል፤ ጠንካራ ከሆነ ብረት ተሠርቶ ፊቱ በናይትሮጅን የጠነከረ ነው። እኔ እንደማምነው የዚህ ሙያ ልብ በመጭመቂያው ታላቅነት ሳይሆን በዚህ ገበታ ላይ ነው። ብረቱ በመካከል በኩል ይፈጥናል፥ በዳር በኩል ይዘገያል፤ ወፍራም በሆነው የቅርጹ ክፍል ይቸኩላል፥ በቀጭኑ ይሰንፋል። ቀዳዳው የተፈለገውን መልክ በትክክል የያዘ ቢሆን እንኳ፥ ፍጥነቱ ካልተስተካከለ ዘንጉ እየተጠማዘዘ ወይም እንደ ሞገድ እየታጠፈ ይወጣል። ስለዚህ ዳይ ሠሪው በቀዳዳው ውስጥ ብረቱ እየታሸ የሚያልፍበትን አጭር ከንፈር፥ በሚቸኩልበት ቦታ ረዘም፥ በሚዘገይበት ቦታ አጠር ያደርገዋል፤ ልዩነቱም በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ነው። አዲስ ዳይ ተሞክሮ የወጣው የመጀመሪያ ዘንግ ጠሞ ሲገኝ፥ አራሚ ተብሎ የተመደበው ሠራተኛ የዘንጉን ጫፍ አገላብጦ ይመለከትና፥ የትኛው ክፍል እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ቀረ ከመጣመሙ አንብቦ፥ ሞረዱን አንሥቶ ከንፈሩን ይነካካል። ኮምፒዩተር ፍሰቱን አስቀድሞ ማስላት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ቢቀልለትም አራሚው ከፋብሪካው አልወጣም። ፋብሪካዎቹ የመጭመቂያቸውን ቶን በየማስታወቂያው ይጽፋሉ፤ የአራሚውን ስም ግን የጻፈ አላየሁም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ሥራ ከእደ ጥበብ ደረጃ ወደ ታላቅ ኢንዱስትሪ አሸጋገረው። አሜሪካ ብቻዋን በጦርነቱ ዘመን 300 ሺህ ያህል አውሮፕላን ሠርታለች፤ የክንፉ ምሰሶ፥ የአካሉ ማጠንከሪያ ጅማት፥ የወለሉ ተሸካሚ፥ ብዙ ጊዜ ከመጭመቂያ የወጣ ፕሮፋይል ነበር። ለዚህም ከሚሆነው አሉሚኒየም ጉልህ ክፍሉ የመጣው በኮሎምቢያ ወንዝ ላይ ከተሠሩት ከቦነቪልና ከግራንድ ኩሊ ግድቦች ኤሌክትሪክ ነው። ጀርመኖች ደግሞ በመጭመቂያዎች ግዝፈት ሁሉን ቀድመው ነበር፤ 30 ሺህ ቶን የሚጫን የብረት መቅረጫ ነበራቸውና፥ በድል ማግሥት እርሱን ሶቪየት ኅብረት ነቅላ ወሰደችው። አሜሪካውያንም በዚህ ደንግጠው በ1950 የአየር ኃይላቸው ግዙፍ መጭመቂያዎችን ማሠራት ጀመረ፤ ተሠርተው ከተፈጸሙት አሥሩ አራቱ ለመቅረጫ፥ ስድስቱ ለኤክስትሩዥን ነበሩ፤ ከስድስቱም መካከል 12 ሺህ ቶን የሚገፉ ይገኙ ነበር። ጀት አውሮፕላን ብዙ ቁራጭ በምስማር ከሚገጣጠምለት ይልቅ አንድ ወጥ የሆነ ረጅም አጥንት ይሻ ነበርና።

ሰላም ሲወርድ ያ ሁሉ መጭመቂያና ያ ሁሉ ብረት ሥራ ፈታ። በእንግሊዝ አገር ቦምብ ቤታቸውን ላፈረሰባቸው ሰዎች፥ አውሮፕላን ይሠሩ የነበሩ ፋብሪካዎች በአራት ክፍል ተሠርተው በመኪና የሚጓዙ የአሉሚኒየም ቤቶችን ከ50 ሺህ በላይ አወጡ። በአሜሪካም በ1948 በኦሬጎን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፥ በኢጣልያ የተወለደው አርክቴክት ፒዬትሮ ቤሉስኪ የኢኩይተብል ሕንፃን ሲያቆም፥ በጦርነቱ ጊዜ በዚያ አውራጃ የተትረፈረፈውን አሉሚኒየም ከመስተዋት ጋር አጋጥሞ እንደ መጋረጃ አለበሰው። ግድግዳ ሸክም መሸከሙን ትቶ ልብስ ብቻ የሆነበት ይህ ሥራ፥ ዛሬ በየአገሩ ለምናያቸው የመስተዋት ሕንፃዎች ከበኵሮቹ አንዱ ነው። ነገሩን ያፋጠነው ደግሞ አኖዳይዚንግ ነው፤ በ1923 እንግሊዞች ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ከጨው ለመጠበቅ ያወጡት የኤሌክትሪክ ንክር፥ አሉሚኒየሙን በገዛ ኦክሳይዱ አወፍሮ ስለሚሸፍነው፥ ወርቅማም ቡናማም መልክ ስለሚቀበል፥ የመስኮት ሠሪዎች ሁሉ ወደዱት። ማግኒዚየምና ሲሊኮን ብቻ በጥቂቱ የተጨመረበት 6063 የሚባለው ቅይጥም፥ ከአውሮፕላኑ ብረት ቢለሰልስ በቀዳዳ በኩል እጅግ ስለሚታዘዝና ፊቱ ለስላሳ ሆኖ ስለሚወጣ፥ የቤት ሥራ ብረት እርሱ ሆነ።

በመስኮቱ ግን አንድ ነውር ነበረበት። አሉሚኒየም ሙቀትን ስለሚያስተላልፍ፥ በብርድ አገር የክፍሉን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል፥ በውስጥ በኩልም ጤዛ ያንጠባጥባል። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር አውሮፓውያን ይህን ችላ ሊሉት አልቻሉም፤ ፕሮፋይሉን ለሁለት ከፍለው መካከሉን በፕላስቲክ ማያያዣ መግጠም የተለመደው ከዚህ ወዲህ ነው።

ስለ ሌሎቹ አገልግሎቶች ባጭሩ ልለፍ፤ የብዙ ባቡሮች አካል ውስጡ ክፍት ከሆነ ሰፊ ፕሮፋይል ይሠራል፤ በ1996 የወጣው ሎተስ ኤሊዝ የተባለው መኪና አጥንቱ በሙጫ የተያያዘ ፕሮፋይል ነው፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ሙቀት የሚበትነው ባለ ብዙ ክንፍ ቁራጭም የዚሁ ወገን ነው።

ኤሌክትሪክ የሚከተለው ይህ ኢንዱስትሪ በኋለኛው ዘመን በከፊል ፏፏቴን ትቶ ወደ ነዳጅ ጋዝ አገር ወረደ። ባሕሬን በ1971 አሉሚኒየም ማቅለጥ ጀመረች፥ በ1977ም የኤክስትሩዥን ፋብሪካ አቋቋመች፤ ዱባይም ተከተለቻት። ከአገራችን ሄደው በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ፎቅ ሲያጸዱና ሲጠብቁ የኖሩ ወገኖቻችን በመስተዋቱ ዙሪያ የዳሰሱት ብረት ምናልባት ከዚያው የወጣ ነው። አሁን ግን ከዓለም አሉሚኒየም ከግማሽ በላይ የምታወጣው ቻይና ናት።

በአዲስ አበባም በየሰፈሩ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች በዝተዋል። ሠራተኛው ስድስት ሜትር የሆነውን ፕሮፋይል በ45 ዲግሪ ይቆርጣል፥ በውስጡ የማዕዘን ማያያዣ ያስገባል፥ ጎማውን በተዘጋጀለት ቦይ ይሰካል፥ መስተዋቱን ይገጥማል፤ ያ ቦይና ያ የማያያዣ ቦታ በሩቅ አገር በዳይ ሠሪ እጅ አስቀድሞ ተቀርጾ የመጣ መሆኑን ልብ ሳይለው ቀኑን ሙሉ በእርሱ ይጠቀማል። ገዢው የሚጠይቀው ቀለሙን ነው፤ ሊጠይቅ የሚገባው ግን የፕሮፋይሉን ግድግዳ ውፍረት ነበር፤ በሚሊ ሜትር ጥቂት ክፍልፋይ የተቀነሰበት መስኮት በነፋስ ጊዜ ይንቀጠቀጣልና፥ ሻጩም ይህን እያወቀ ዝም ይላል። ቁርጥራጩን ቆራሌው ይወስደዋል። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከአፈር ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል አምስት በመቶ ያህል ብቻ ስለሚጠይቅ ጥሩ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ፥ ከመኪና ሞተር ስብርባሪና ከምስማር ጋር ተቀላቅሎ ከቀለጠ ብረትና መዳብ ስለሚበዛበት በቀዳዳ ሾልኮ መስኮት ሊሆን አይችልም፤ በምናለሽ ተራ ድስት ይሆናል።